የቆቃ የውሃ ወፎች በክረምትና በበጋ

  ዛሬ የምናነበው ስለ ውሃ ወፎች ነው።

ከጭሮ ወደ አዳማ ስንሄድ አዋሽ ከተማ አጠገብ የአዋሽን ወንዝ እንሻገራለን። ይኸው ወንዝ ከአዳማ በላይ፣ ቆቃ ላይ ተገድቧል። ግድቡ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። የተሠራው ለኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። ነገር ግን የተጠራቀመው ሰፊ ውሃ ለወፎችም ቤት ሆነ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በቆቃ ብዙ ዓይነት ወፍ የሚታየው መቼ ይመስላችኋል? ውሃው ሲሞላ ነው? አይደለም። ሲጎድል ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ።

አንደኛው ምግብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አዋሽ ይሞላል። የሐይቁ ዳር ይጠልቃል። ሽመላ እግሩ ረጅም ቢሆንም ጥልቅ ውሃ ውስጥ መቆም አይችልም። ከጭቃ የሚለቅሙት ትንንሽ ወፎችማ ጨርሶ መቆሚያ ያጣሉ። ፔሊካን ግን ዋናተኛ ነው፤ ብዙም አይቸገር። በበጋ ውሃው ቀስ በቀስ ይሸሻል። ጭቃው ይገለጣል። በጭቃው ውስጥ ትልና ቀንድ አውጣ ይገኛል። ዳር ዳሩን ዓሣ ለመያዝም ይቀላል።

ሁለተኛው እንግዳ ነው። የእኛ በጋ ለአውሮፓና ለሰሜን እስያ የብርድ ወራት ነው። እዚያ ውሃው በረዶ ይሆናል፤ ምግብ ይጠፋል። ስለዚህ ዳክዬዎችና ሌሎች ወፎች በመስከረምና በጥቅምት ወደ እኛ ይመጣሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። የአገሩ ወፍና እንግዳው ሲደመሩ ዓይነቱ ይበዛል።

ታዲያ ይህ እኛን ምን አገባን? የሐረማያን ሐይቅ አስታውሱ። የወፍ መናኸሪያ ነበር። ለመስኖና ለከተማ ውሃ ብዙ ተቀዳ። ጎርፍም ከኮረብታው ደለል አመጣበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። ወፉ ሄደ፤ ሰውም ውሃ ተቸገረ። ሐይቁ ውሃ መያዝ የጀመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ስለዚህ በኩሬያችሁ ዳር፣ እስከ ውሃው ጫፍ ድረስ ማረሻ አታስገቡ። ሣሩን ተዉት፤ ደለል ይይዛል። የፀረ ተባይ መርጫ ዕቃም በውሃው ውስጥ አትጠቡ። መርዙ ለዓሣውም፣ ለወፉም፣ ለሰውም ይተርፋል።

ጥያቄ
1. በቆቃ የወፍ ዓይነት የሚበዛው ለምንድን ነው?
2. በአካባቢያችሁ ኩሬ በጥር ስንት ዓይነት ወፍ ታያላችሁ? በሐምሌስ? ቆጥራችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።