ቦርሳው ከአምቡላንሱ ይውረድ

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ግን በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለችው ከተማ ተነስቶ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይወጣል። የጋሞ ዞን የድንገተኛ ሕክምና ፈተና በዚህ ዳገት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቆላው ላይ ሙቀቱ መድኃኒት ያበላሻል፤ ደጋው ላይ ብርዱ ለጨቅላ ሕፃን ያሰጋል፤ በዝናብ ወራት ደግሞ መኪና ሊገባባቸው የማይችል ቀበሌዎች አሉ። እዚያ ያለ ሕመምተኛ አምቡላንስ የቆመበት እስኪደርስ በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ አምቡላንስ ተገዝቶ መቅረቡ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሕመምተኛው ያለበት ቦታ በሰዓቱ መድረስ አለበት።

የትኛው መሣሪያ? መልሱ የሚገኘው ሰው በምን እንደሚሞት ከማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በቤልፋስት ዶክተር ፍራንክ ፓንትሪጅ የልብ ምት መመለሻ መሣሪያ በአምቡላንስ ጭነው ወደ ሕመምተኛው መላክ የጀመሩት፣ በከተማቸው የልብ ሕሙማን ሆስፒታል ሳይደርሱ ይሞቱ ስለነበር ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ አምቡላንስ የሚጠራው ለወላድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተመዝግቧል፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ትልቅ ለውጥ ነው፤ የቀረው ግን አሁንም ከባድ ነው። ከወሊድ በኋላ ክፉኛ ደም የሚፈሳት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። መተንፈስ ያቃተው ሕፃን ደግሞ እርዳታ የሚያስፈልገው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው።

ለዚህ የሚሆነው ዕቃ አንድ የጀርባ ቦርሳ ይበቃዋል። ማህፀን እንዲኮማተር የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት፣ በአርባ ምንጭ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ከዋለ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በበረዶ መያዣ ይሂድ፤ ያ ካልተቻለ ፍሪጅ የማይፈልገው ሚሶፕሮስቶል ይያዝ። ከወሊድ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው፣ ደም እንዲቆም የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድም አብሮ ይኑር። ከቁርጭምጭሚት እስከ ሆድ ተጠቅልሎ የሚታሰር፣ የእግርን ደም ወደ ልብና ወደ አንጎል የሚመልስ ልብስም አለ፤ ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል፤ እናቲቱ በቃሬዛም ሆና ልትለብሰው ትችላለች። ለሕፃኑ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ አምቡ ባግ ያስፈልጋል፤ ማስኩ ግን የጨቅላ ልክ መሆን አለበት። የአዋቂ ማስክ ፊቱን ስለማይገጥም አየሩ በጎን ያመልጣል፣ ሳንባው ጋ አይደርስም። ደረቅ ጨርቅና ኮፍያም ለጨንቻ ብርድ ከመድኃኒት እኩል ናቸው።

«ኦክስጅንና ዘመናዊ መቆጣጠሪያ ማሽን አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። በዋና መንገድ ለሚመላለስ፣ የመኪና አደጋ ለሚያነሳ አምቡላንስ ኦክስጅን፣ የአንገት መደገፊያና የስብራት ማሰሪያ ግድ ናቸው። ማሽኑ ግን ባትሪ፣ መለዋወጫና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ ቃሬዛው ጋም አይደርስም። «ዕቃው ይጠፋል፣ መድኃኒቱ ጊዜው ያልፍበታል» የሚለው ስጋትም እውነት አለው። መፍትሔው ቦርሳውን ማሸግ፣ በተረኛ ስም ማስረከብ፣ ጊዜው የተቃረበውን መድኃኒት ለጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ሰጥቶ በአዲስ መተካት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ማን ይጠቀምበታል የሚለው ነው። ሾፌሩ ብቻውን ከሄደ ቦርሳው ሸክም ብቻ ነው። ስለዚህ ቦርሳው ጤና ጣቢያ ይቀመጥ፤ ጥሪ ሲመጣ ተረኛዋ አዋላጅ ይዛው ትሳፈር፤ መኪናው ከቆመበት ወርዳ ቃሬዛውን በመንገድ ትቀበል። አዋላጅ በሌለችበት ማዋለጃ ክፍሉ ባዶ እንዳይቀር ተጨማሪ ተራና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያስፈልጋል። ወጪ ነው፤ ነገር ግን ያለዚህ ወጪ አምቡላንሱ ማመላለሻ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሾፌሮችም የሕይወት አድን ሥልጠና ይገባቸዋል፤ ሐኪምና አዋላጅ የሚያሠለጥነው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ነው።

የወረዳ ምክር ቤቶች በጀት ሲያጸድቁ ለነዳጅና ለጎማ እንደሚይዙት ሁሉ ለቦርሳውና ይዛው ለምትወጣው አዋላጅም ይያዙ። እርስዎም በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ አምቡላንስ ሲነሳ፣ መኪናው ስንት እንደሆነ ከመጠየቅ አልፈው ውስጡ ምን እንዳለና ማን አብሮ እንደሚሄድ ይጠይቁ።