ጐንደርና ጎንደር፦ ተቀራራቢ ቃላትን በኮምፒዩተር ስለ ማዛመድ

ስለ ደቡብ ጐንደር አድባራት የሚያጠና ተማሪ በኮምፒዩተር «ጎንደር» ብሎ ቢፈልግ፣ በ«ጐ» የተጻፉት መዛግብት ላይወጡለት ይችላሉ። የዝማሬ መዋሥዕት ትምህርት የሚታወቅበትን ገዳም «ዙር አባ» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ዙር አምባ» እና «ዙራምባ» ተብሎ የተጻፈው ይቀርበታል። ከደብረ ታቦር ዙሪያ ያሉት ወረዳዎችም «ስማዳ»ና «ሲማዳ»፣ «እስቴ»ና «ኢስቴ» እየተባሉ ይጻፋሉ። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ቃላትን የሚያዛምዱ ስልተ ቀመሮች፣ ማለትም ተራ ይዘው የሚፈጸሙ የአሠራር ደንቦች፣ እንዴት እንደሚሠሩና የት ላይ መገታት እንዳለባቸው ለማሳየት ይሞከራል።

ኮምፒዩተር ድምፅ አይሰማም፤ የሚያነጻጽረው ቁጥርን ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለሆነም «ሰ» እና «ሠ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም፣ ለመሣሪያው «ሰ» እና «ቀ» የሚለያዩትን ያህል የተለያዩ ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንመልከት። የመጀመሪያው ሆሄ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ «ሥ» እና «ሴ»ም ሁለት ሁለት መልክ አላቸው። ይህ 24 አጻጻፍ ይሆናል፤ ስሙ ተነጣጥሎም ተያይዞም ስለሚጻፍ ወደ 48 ይደርሳል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ሞክሼ ሆሄያትን ለፍለጋ ሲባል ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ፣ ጐንም እንደ ጎ መቁጠር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ብቻ አይበቃም። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ሥራ ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። «አዲስ የአማርኛ» ብሎ የሚፈልግ ሰው በዚህ መንገድ «ዐዲስ»ን ያገኛል፤ «ያማርኛ» ግን ያመልጠዋል።

ሁለተኛው መንገድ ርቀትን መለካት ነው። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበው ስሌት፣ አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ሆሄ መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ ይቆጠራል። ከ«አባ» ወደ «አምባ» አንድ ጭማሪ ይበቃል፤ ከ«የአማርኛ» ወደ «ያማርኛ» ሁለት ለውጥ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከ«ስማዳ» ወደ «ሲማዳ» አንድ ምትክ እንደሚበቃ ሁሉ ከ«ስማዳ» ወደ «ቆማዳ»ም አንድ ምትክ ይበቃል። ወረዳውና ስልቻው እኩል ቀረቡ ማለት ነው! ስለዚህ ለእኛ ፊደል እያንዳንዱን ሆሄ በተነባቢና በአናባቢ ከፍሎ መቁጠር ይሻላል። «ስ» እና «ሲ» በአናባቢ ብቻ ሲለያዩ፣ «ስ» እና «ቆ» በሁለቱም ይለያያሉና።

ሦስተኛው በድምፅ መመደብ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ራስል እ.ኤ.አ. በ1918 የባለቤትነት መብት ያገኘበት «ሳውንዴክስ» የተባለው ዘዴ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይዞ፣ አናባቢዎችን ጥሎ፣ ተቀራራቢ ድምፅ ያላቸውን ተነባቢዎች በአንድ ቁጥር ይወክላል። የቃላችን መሠረት ተነባቢ በመሆኑ አካሄዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትም ቃላትን በሥራቸው ይሰበስባል። ሆኖም አናባቢ ሲጣል «ደብር» እና «ድብር» አንድ ይሆናሉ። ከዚህም ሌላ «ኃይሉ»ና «ሀይሉ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ሆሄ ላይ ስለሆነ፣ ሞክሼዎቹ አስቀድመው ካልተዛመዱ ዘዴው አይረዳም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ይህ ነው። በግዕዝ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ሲሆን «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። የብራና መጽሐፍ ጽሑፍ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ሞክሼዎቹ «ከተስተካከሉ»፣ ሥዕሉን የሣለውና ጸሎት የለመነው ሰው ሊምታቱ ይችላሉ። ብራናው በእርጥበት ወይም በእሳት ቢጠፋ ደግሞ ስሕተቱን የሚያርም ምስክር አይኖርም።

ስለሆነም ማዛመድ የመፈለጊያ ሥርዓት እንጂ የመጻፊያ ሥርዓት ሊሆን አይገባም። ጽሑፉ ጸሐፊው እንዳስቀመጠው ይቀመጥ፤ የተዛመደው መልክ ከጎኑ እንደ ማውጫ ይያዝ። እንዲህ ከሆነ ተማሪው «ጎንደር» ብሎ ቢፈልግም «ጐንደር»ን ያገኛል፤ ሲያገኘውም «ጐ»ው በቦታው ይጠብቀዋል።