ለጀማሪ ነጂ ኀይለኛ ሞተር ብስክሌት ይገባልን?

በጉራጌ አገር የመስቀል በዓል ሲቃረብ፥ ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላውም ከተማ የወጣው ልጅ ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት እንደሚመለስ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በዚያን ሰሞን ከዓለም ገና ተነሥቶ በመልካ ቁንጥሬና በጢያ አድርጎ ቡታጅራ የሚገባው መንገድ በአውቶቡስ፥ በሚኒባስና በሞተር ብስክሌት ይሞላል፤ ለገበያ የሚነዳውም ሰንጋ ከአስፋልቱ ላይ አይጠፋም። ይኸን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ነገር የመጣው ከዚሁ በዓል ጋራ ተያይዞ ነው።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር፥ ታናሽ እኅቴ ከገበያ ስትመለስ ወደ ቤቴ ጎራ አለች። ዘንቢሏን ከደጃፉ አኑራ፥ ገና ወንበር ሳትይዝ፥ «ወንድም ጋሼ፥ ልጅህን ምከረው፤ እኔን አልሰማም ብሏል» አለችኝ። «ልጅህ» የምትለው የራስዋን የበኵር ልጅ ነው። ልጁ ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ በከተማችን በአንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር ተቀጥሮ ሲሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጥሎ በመጨረሻ ደረሰው። እናቱም የጎደለውን ከጊደር ሽያጭ ልትሞላለት ቃል ገብታለት ነበር፤ ነገር ግን ይህን ቃል የሰጠችው የሚገዛው ምን ዐይነት ሞተር እንደ ሆነ ሳታውቅ ነው።

ሊገዛ ያሰበው በየመንገዳችን እንደምናየው ያለ ባጃጅ ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ አይደለም። በአዲስ አበባ አንድ ዘመዳችን ያገኘለት፥ ያገለገለ ነገር ግን በጥንቃቄ የተያዘ ያማሃ አር 6 የሚባል የእሽቅድምድም ዐይነት ሞተር ነው። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ያለ ልዩ ፈቃድ በከተማይቱ ሞተር ብስክሌት እንዳይነዳ ከከለከለ ወዲህ፥ እንዲህ ያለውን የሚፈልግ ሰው ስለ ቀነሰ በርካሽ ይገኛል ብሎ ዘመዳችን አስረድቶታል። ልጁም ለመስቀል እርሱን እየነዳ በእናቱ ደጅ ሊደርስ አስቧል። ከዚያ በፊት ነድቶ ያውቅ እንደ ሆነ ብጠይቀው፥ የጓደኛውን ቦክሰር በኳስ ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ ያህል እንደ ሞከረ ነገረኝ።

«ጋሼ፥ ኀይሉ እኮ በእጄ ነው ያለው» አለኝ። «ቀስ ብዬ ከሰጠሁት ቀስ ብሎ ይሄዳል። ትንሹን ብገዛ በስድስት ወር ይሰለቸኛል፤ መልሼ ስሸጠው እከስራለሁ። ደግሞ የትልቁ ፍሬን ከትንሹ ይበልጣል።»

ይህ ክርክር እንደ ዋዛ የሚጣል አይደለም። እውነትም አለበት። እኔም ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም፤ «ነገ ከትምህርት ቤት ስወጣ እንገናኝ» ብዬ አሰናበትሁት።

አስቀድሞ የሁለቱን ልዩነት መመልከት ይገባል። ባለ 150 ሲሲው ቦክሰር ኀይሉ 12 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ባለ 599 ሲሲው አር 6 ግን ወደ 118 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል፤ ይኸውም አንድ ተርታ የቤት አውቶሞቢል አራትና አምስት ሰው ጭኖ የሚጐትትበት ኀይል ነው። አውቶሞቢሉ ከአንድ ሺሕ ኪሎ ግራም በላይ ሲመዝን ይህ ሞተር ግን ቤንዚን ተሞልቶ 190 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። በአንደኛ ማርሽ ብቻ፥ ሁለተኛው ገና ሳይገባ፥ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። እንግዲህ ከቡታጅራ እስከ ባቱ ወይም እስከ ሆሳዕና ባለው መንገድ፥ ጋሪና አህያ ከሰው ጋራ በሚተላለፍበት፥ ሁለተኛውን ማርሽ ሳይነኩ ሕይወትን ማጥፋት ይቻላል ማለት ነው።

በማግሥቱ ልጁ ሲመጣ ግን ከዚህ ቍጥር አልጀመርሁም። የራሴን ውርደት ነገርሁት።

እኔ ገና አዲስ መምህር ሆኜ ከከተማ ወጣ ባለ ትምህርት ቤት ሳስተምር፥ በግብርና ሥራ ላይ የነበረ አንድ ወዳጄ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ነበረው። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ «ሞክረው» አለኝ። ፍሪሲዮኑን እንዴት እንደሚለቁ፥ ማርሹን በእግር እንዴት እንደሚያስገቡ በሦስት ደቂቃ አስረዳኝ። እኔም ሁሉ የገባኝ መሰለኝ፤ አስተማሪ ነገር በቶሎ ገባኝ የማለት ልማድ አለብን። ፍሪሲዮኑን በድንገት ብለቀው ሞተሩ እንደ ደነገጠ ወይፈን ዘለለ። እኔም እንዳልወድቅ እጀታውን አጥብቄ ያዝሁ። በያዝሁት መጠን ጩኸቱ ጨመረ፤ በጮኸም መጠን አጥብቄ ያዝሁት። የአንዲት ባልቴትን አጥር ጥሰን ገብተን ከእንሰታቸው መካከል ወደቅን። እንሰት ግንዱ ውሃ የሞላውና ለስላሳ ስለ ሆነ ከቍስል ዳንሁ። ሁለት እንሰት ግን ተሰበረ። እመቤቲቱ ወጥተው ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፥ «የኔታ፥ በር እኮ አለን» አሉኝ። ይህ ነገር ለብዙ ወራት በመንደሩ ሲነገር ኖሯል።

ውድ አንባቢ፥ ይህን የምተርከው ለሣቅ ብቻ አይደለም፤ የጕዳዩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ነው። የሞተር ብስክሌት ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ እጅ ነው፤ እጀታውን ወደ ራስ ሲጠመዝዙት ኀይሉ ይጨምራል። ሞተሩ ሳይታሰብ ወደ ፊት ሲወረወር የነጂው ገላ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰው ደግሞ ሊወድቅ ሲል የጨበጠውን ነገር አጥብቆ መያዝ ተፈጥሮው ነው፤ እጁ ሳይለቅ ገላው ወደ ኋላ ሲሳብ እጀታው አብሮ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ጀማሪው ኀይል መቀነስ በሚገባው ቅጽበት፥ ሳይወድና ሳያውቅ ይጨምራል። «ኀይሉ በእጄ ነው» የሚለው የእኅቴ ልጅ ቃል ለሠለጠነ እጅ እውነት ነው፤ የደነገጠ እጅ ግን የባለቤቱ አይደለም። እኔ ያን ቀን የሠራሁት ስሕተት በ10 የፈረስ ጉልበት ከእንሰት መካከል ጣለኝ። ያንኑ ስሕተት፥ በዚያው የእጅ አንጓ፥ በ118 የፈረስ ጉልበት ብሠራው ኖሮ የፊት ጎማው ወደ ሰማይ ይነሣ ነበር እንጂ እንሰቱ ዘንድ አልደርስም።

የፍሬኑም ነገር እንዲሁ ነው። ሞተር ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ስለሚያዘነብል ብዙውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። የእሽቅድምድም ሞተር የፊት ፍሬን እጅግ ብርቱ በመሆኑ በሁለት ጣት ብቻ ይያዛል፤ በድንጋጤ በሙሉ እጅ የጨበጠው ጀማሪ ግን ጎማውን ያደርቀውና ይወድቃል። ይህን ስሕተት የሚከላከለው ኤቢኤስ የሚባለው መሣሪያ በያማሃ አር 6 ላይ የመጣው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ለልጃችን የታሰበው ከዚያ በፊት የተሠራው ነበር።

በአሜሪካ አገር ሃሪ ኸርት የሚባሉ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር፥ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በስፍራው ተገኝተው ካስመረመሩ በኋላ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. አንድ ታላቅ ዘገባ አቅርበው ነበር። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከመቶ 92ቱ መደበኛ ሥልጠና ያልተቀበሉ፥ ከራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የተማሩ ሆነው ተገኙ። ብዙዎቹም በጭንቅ ሰዓት የኋላውን ፍሬን አድርቀው የፊተኛውን በሚገባ ሳይዙ ቀርተዋል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን ይህ ነው፤ ከነጂዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት አደጋ በደረሰበት በዚያው ሞተር ላይ አምስት ወር እንኳ አልሞላቸውም፤ ነገር ግን በአጠቃላይ የመንዳት ልምዳቸው በአማካይ ወደ ሦስት ዓመት ይጠጋ ነበር። ልምድ ያለው ሰው እንኳ አዲስ ሞተር ሲይዝ እንደ ገና ጀማሪ ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ልምድም ሞተርም አዲስ የሆነበት ሰው ምን ይሁን? በዚያው በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነትን የሚያጠና የመድን ድርጅቶች ተቋም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. እንደ ገለጠው፥ የእሽቅድምድም ዐይነት ሞተር በሚነዱት መካከል የደረሰው ሞት፥ ከተመዘገበው ሞተር ብዛት ጋራ ሲመዛዘን፥ ተርታውን ሞተር ከሚነዱት አራት እጥፍ ያህል ነበር። እርግጥ ነው፥ እንዲህ ያለውን ሞተር ፈጥኖ መሄድ የሚወድ ጐልማሳ ይመርጠዋልና ጥፋቱ ሁሉ የብረቱ ብቻ ነው አይባልም።

አውሮጳውያን እንደ ራሳቸው አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋሉት ሕግ መንጃ ፈቃዱን በደረጃ ከፍለውታል። በ16 ዓመት የሚጀምር ከ125 ሲሲና ከ15 የፈረስ ጉልበት አያልፍም፤ በ18 ዓመት እስከ 47 የፈረስ ጉልበት ይፈቀድለታል፤ ወሰን የሌለውን ለመያዝ በመካከለኛው ሁለት ዓመት መቈየት ወይም 24 ዓመት መሙላት አለበት። እነዚህን የእሽቅድምድም ሞተሮች የምትሠራው ጃፓን ራስዋ ከ400 ሲሲ በላይ ላለው የተለየ ፈቃድ ትጠይቃለች። ይህ ሥርዐት ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ሳይለይ ዳዊት የሚደግም፥ ዜማ ሳይጸና ቅኔ የሚዘርፍ ከቶ አይታይም። አባቶቻችንም ኮርቻ ላይ መቀመጥ ያልለመደውን ልጅ በሰንጋ ፈረስ ላይ አላወጡትም፤ በቅሎ ላይ ነው ያስቀመጡት።

ስለ ገንዘቡ ከተነሣ ደግሞ፥ ልጁን ይዤ በከተማችን ወደ ታወቀ አንድ የሞተር መካኒክ ሄድሁ። መካኒኩ ሥዕሉን በስልክ ላይ አይቶ ካደነቀ በኋላ፥ «የቦክሰር ሰንሰለት፥ የፍሬን ሸራ፥ ካንዴላ፥ ሁሉም እዚሁ አለ። የዚህን ጎማ ግን ከየት ታመጣለህ?» አለው። ጎማውም ለንጹሕ አስፋልት የተሠራ በመሆኑ፥ በክረምት ጭቃና በጠጠር መንገድ ላይ እንደማይቆም ነገረው። ልጁ ከእኔ ቍጥር ሁሉ ይልቅ በዚህ ቃል ፊቱ የተለወጠ መሰለኝ።

ነገር ግን ትንሹ ሞተር አይገድልም ብዬ ወላጆችን ማታለል አልወድም። ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች እንደማስተምረው፥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ ላም ስትገባበት አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢያልፍበት 11 ሜትር ይጓዛል፤ በ80 ከሆነ 22 ሜትር። ፍሬኑን ከያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ደግሞ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ቦክሰርም 80 ይሄዳል። የራስ ቍርን በሚመለከት፥ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች በአንድነት ሲመዘኑ፥ የሞትን ዕድል ከመቶ 42፥ የራስ ጕዳትን ከመቶ 69 እንደሚቀንስ ታውቋል። በከተማችን ግን ብዙው ጐልማሳ የራስ ቍሩን በክርኑ ላይ አንጠልጥሎ፥ ከኋላው ሁለት ሰው ጭኖ ሲበር እናያለን። ክርንን ለመጠበቅ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

ልጁ በመጨረሻ ባለ 150ውን ገዛ። ከተረፈው ገንዘብ ለማሠልጠኛ ከፈለ፤ የራስ ቍሩን ግን እኔ ገዛሁለት። ስምምነታችን፥ አንድ ዓመት ሙሉ፥ በጋውንም ክረምቱንም ጨምሮ፥ በዚህ እንዲነዳና ከዚያ በኋላ ልቡ ያሰበውን እንዲያደርግ ነው። እናቱ ጊደሯን አልሸጠችም።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ፥ ከአስፋልት ወደ ጠጠሩ ሲታጠፍ ፍሬን ይዞ ወድቋል። ፍጥነቱ ጥቂት ስለ ነበረ ክርኑ ብቻ ተላጠ። ለእኔ ነገረኝ፤ ለእናቱ ግን በመደብሩ ውስጥ ቆርቆሮ እንደ ላጠው ነው የነገራት። ይህን መጽሔት በየወሩ የምታነብ ስለ ሆነ እንግዲህ ዛሬ ሳታውቅ አትቀርም።

የአር 6ቱ ሥዕል አሁንም ከስልኩ አልጠፋም። አልፎ አልፎ ያሳየኛል፤ እኔም አያለሁ፤ ማማሩን አልክድም። እኅቴ ግን ማታ ማታ የዚያን የትንሹን ሞተር ድምፅ ከቅያሱ መጨረሻ ሳትሰማ ወጥ አታወጣም።