ከውጭ ያልመጣ ቻርጅ

ደረቅ ፀጉር የተበጠረበት የፕላስቲክ ማበጠሪያ ብጣሽ ወረቀት ያነሳል። ማበጠሪያው በፍትጊያ ቻርጅ ይዟል፤ ወረቀቱን ግን ማንም አልፈተገውም፣ ቻርጅም የሰጠው የለም። ታዲያ ምኑ ተሳበ?

ወረቀት፣ መስታወትና ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉት ኤሌክትሮኖቻቸው በየሞለኪዩሉ ስለታሰሩ ነው። እንዲህ ያለውን ቁስ ዳይኤሌክትሪክ ይሉታል። የኤሌክትሪክ መስክ ሲያገኘው እስሩ አይበጠስም፤ ኔጌቲቩ ወደ አንድ ወገን፣ ፖዘቲቩ ወደ ሌላው ፈቀቅ ይላል እንጂ። በሜትር 1 ሚሊዮን ቮልት በሚደርስ መስክ ውስጥ እንኳ የሃይድሮጂን ኤሌክትሮን ከመሃሉ የሚርቀው የአቶሙን ስፋት 1/100,000ኛ አይሞላም።

ሁለት እኩል ነጠላ ደርበን የላይኛውን በጥቂቱ ብንስበው፣ መሃሉ እንደተደረበ ይቀራል፤ በአንዱ ጫፍ ግን የላይኛው ብቻ፣ በሌላው የታችኛው ብቻ ይታያል። በዳይኤሌክትሪክ ውስጥም መሃሉ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል፤ ቻርጁ የሚገለጠው በገጹ ላይ ነው። ወረቀቱም ለማበጠሪያው ቅርብ በሆነው ገጹ ተቃራኒ ቻርጅ፣ በራቀው ገጹ ተመሳሳይ ቻርጅ ያወጣል። የቅርቡ ስበት ከሩቁ ግፊት ይበልጣልና ወረቀቱ ይነሳል።

ይህን ቻርጅ በሽቦ ቀድቶ መውሰድ አይቻልም። ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ግን ቁሱ መስክ ውስጥ እንዳለ ለሁለት ሲቆረጥ የሚሆነው ነው። ብረት ቢሆን አንዱ ግማሽ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ይዞ ይለያይ ነበር። ዳይኤሌክትሪክ ግን በተቆረጠበት በኩል ሁለት አዲስ ባለቻርጅ ገጾች ያወጣል፤ የእያንዳንዱ ግማሽ ድምርም ያው ዜሮ ነው።

ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1837 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን የዚህን የገጽ ቻርጅ ውጤት ለካ። አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ የብረት ሉሎች ያሏቸው ሁለት አንድ ዓይነት መሣሪያዎች ነበሩት። የአንዱን ክፍተት በከፊል ሼላክ በሚባለው ሙጫ መሰል ቁስ ሞላ፣ ሌላውን በአየር ተወው። አንዱን ቻርጅ አድርጎ ከሌላው ጋር ሲያገናኘው ቻርጁ እኩል አልተካፈለም፤ ሼላክ ያለበት የበለጠውን ወሰደ። በሼላኩ ገጽ የወጣው ቻርጅ የሉሎቹን መስክ ያዳክማል፤ ስለዚህ በዚያው ቮልት ተጨማሪ ቻርጅ ለመያዝ ቦታ ይገኛል።

እንዲህ ቻርጅ የሚይዝ መሣሪያ ካፓሲተር ይባላል፤ አቅሙም ዛሬ የሚለካው በፋራዳይ ስም በተሰየመው ፋራድ ነው። ወረቀት በመካከል ሲገባ አቅሙ 3 እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ ባሪየም ቲታኔት የተባለው ሴራሚክ ግን ከ1,000 እጥፍ በላይ ያደርሰዋል። በእጅ ስልክ ሰሌዳ ላይ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ካፓሲተሮች በመቶዎች የሚደረደሩት በዚህ ምክንያት ነው።