ከጕሮሮ የሚነሣ የልብ ሕመም

የልብ ሕመም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዕድሜያቸው የገፋውን ሰዎች ነው። ነገር ግን በከተማችን በአዲስ አበባ ለልብ ሕመም ከሚታከሙት መካከል እኩዮቻችን የሆኑ ተማሪዎች አሉ፤ የብዙዎቹም ሕመም የጀመረው ከጕሮሮ ነው።

ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሐዋሲ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ጕሮሮ ያቆስላል። በአንዲት ክፍል ቤት ስድስት ሰባት ሆነው በሚያድሩበት ሰፈር ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተላለፍ ጊዜ አይፈጅበትም። ሕመሙ በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚተው፥ እናት ጕሮሮውን በቅቤ አሽታ ወይም ዳማከሴ ጨምቃ ታልፈዋለች፤ እንጥል የሚያስቆርጡም አልጠፉም። (እንጥል ቢቆረጥ ቍስል ይጨመራል እንጂ ተሐዋሲው አይሞትም።) ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ሩማቲክ ፊቨር የሚሉት ትኩሳት ይነሣል፤ ጕልበትና ቍርጭምጭሚትም እየተፈራረቁ ያብጣሉ። ይህ የሚሆነው ሰውነት ተሐዋሲውን ለመውጋት ያዘጋጀው ኀይል ተሳስቶ የራሱን አካል ስለሚወጋ ነው። መጋጠሚያው ይድናል፤ የልብ ቫልቭ ግን፥ ይኸውም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር፥ ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል። ትኩሳቱ በተደጋገመ ቍጥርም በሩ ይጠባል ወይም መግጠም ያቅተዋል።

ክፉኛ ለተበላሸ ቫልቭ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ቀድሞ ልጆች ለዚህ ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት የተጀመረው ጥረት ፍሬ አፍርቶ፥ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ልጆች በነጻ ታክመዋል። ይሁን እንጂ ተራ ሲጠብቁ የኖሩት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለዚህ የድኻው ተስፋ ቀዶ ጥገናው ብቻ ሊሆን አይገባም። ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የተባለው መርፌ በጤና ጣቢያም ሊሰጥ የሚችል ነው። በዚህ ተሐዋሲ ለታመመ ጕሮሮ አንድ ጊዜ መወጋት ይበቃል፤ ሩማቲክ ፊቨር የያዘው ልጅ ግን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት መወጋት አለበት።

ከክፍላችን አንድ ልጅ ይህን መርፌ ይወስዳል። እናቱ ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ ናቸው። ቀድሞ በየወሩ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ይሄዱና ከንጋት ተሰልፈው እስከ ቀትር ይቆዩ ነበር። የመርፌው ዋጋ አልከበዳቸውም፤ የከበዳቸው የታክሲውና የቀረባቸው የቀን ገቢ ነው። ልጁም ፈተና እንዳያመልጠው ብሎ ሁለት ወር ሳይወጋ ቀረ። በክረምቱ መግቢያ ጕልበቱ አብጦ ተኛ፤ ሐኪሙም የቫልቩ ጕዳት እንደ ጨመረ ነገሯቸው። ዛሬ መርፌውን በሰፈሩ ጤና ጣቢያ እንዲወስድ ደብዳቤ ተጽፎለታል፤ ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ለምርመራ ብቻ ነው። ቤተ ሰቡም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ሆኗል። (የአባልነቱን መዋጮ መክፈል ለማይችሉ ድኾች መንግሥት እንደሚከፍልላቸው ብዙ ሰው አያውቅም።)

በእኔ አስተያየት ሁለት ነገር ቢደረግ መልካም ነው። ጤና ጣቢያዎች ለዚህ መርፌ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሰዓት ቢመድቡ፥ መምህራንም በመርፌው ቀን የዘገየውን ተማሪ እንደ ቀሪ ባይቈጥሩት፥ የሚያቋርጡት ልጆች ያነሱ ነበር። መርፌው እጅግ ያማል፤ ጓደኛችን በዚያ ቀን እያነከሰ ይመጣል፥ ደብተሩንም ተራ ገብተን እንይዝለታለን። የሚቀጥለው መርፌ ሐሙስ ነው።