የእንጦጦ ስስ አየርና የሯጮቻችን ክብረ ወሰኖች

አዲስ አበባ፦ በየካ ክፍለ ከተማ ጎሕ ሳይቀድ ከቤታቸው የሚወጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ኪዳን ለማድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሰግሱ ምእመናን አሉ፤ ጭራሮ ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው ለመመለስ ወደ እንጦጦ ጫካ የሚወጡ እናቶች አሉ፤ ሯጮችም አሉ። ከኮተቤ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከመገናኛ ዙሪያ የኪራይ ቤቶች ተነሥተው ሽቅብ የሚሮጡት ወጣቶች አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ጅብ ገና ወደ ጉድጓዱ ሳይመለስ ዳገቱን ይጀምሩታል።

ሜዳው ከታች እያለ ዳገቱን መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ካሸነፈበት ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ሯጮች ያስመዘገቧቸው ውጤቶች ከዚህ ከፍታ ጋር የተያያዘ ታሪክ አላቸው። ታሪኩን ለመረዳት ግን ከሜዳሊያው አስቀድሞ አየሩን መረዳት ይገባል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የእንጦጦ አናት ደግሞ 3 ሺህ 200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አርሶ አደሩ ይህን ልዩነት ከመለኪያው ይልቅ በሰብሉ ያውቀዋል፤ ጤፉ ቀርቶ ገብሱ የሚነግሥበት፣ ከዚያም ከፍ ሲል ውርጭ የሚፈራበት ምድር ነው። ብዙ ሰው ከፍታ ላይ ኦክስጅን "ያነሰ ድርሻ" እንዳለው ያስባል። ድርሻው ግን አይለወጥም፤ በባሕር ዳርቻም ሆነ በእንጦጦ ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። የሚለወጠው የአየሩ መጠቅጠቅ ነው። ጋቢና ነጠላ ሁለቱም ጥጥ ናቸው፤ ነጠላው ግን ስስ ነው። በአዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ በእንጦጦ አናት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል።

ሰውነት ይህን እጥረት ዝም ብሎ አይቀበልም። ኩላሊት በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ማነሱን ሲያውቅ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ የአጥንት መቅኔን ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲሠራ ያዘዋል። ኦክስጅንን ተሸክመው ለጡንቻ የሚያደርሱት እነዚህ ሕዋሳት ናቸው። ሥራው የቀናት ሳይሆን የሳምንታት ነው፤ የብረት ማዕድን ያለበት ምግብም ይጠይቃል። የአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜ 120 ቀን ገደማ በመሆኑ፣ ከፍታውን ለቅቆ የቆየ ሯጭ ያገኘውን ጥቅም ቀስ በቀስ ያጣዋል። በደጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ደግሞ ሳንባውም ልቡም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለዚህ አየር የተገራ ነው።

የአበበ ቢቂላ የትውልድ ቀዬ በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ የማትርቀው ጃቶ ናት። ደብረ ብርሃን ራሷ 2 ሺህ 800 ሜትርን ያለፈች የብርድ ከተማ ናት። አበበ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ፤ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም ሠለጠነ። የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም ምሽት ላይ ነበር። አገር ቤት ሰው ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦ በሚያበራበት ሰዓት፣ እሱ በችቦ ብርሃን በደመቀው የሮም ጎዳና ይሮጥ ነበር። ከሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ቆይቶ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ በጣሊያን ተዘርፎ የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በቆመበት ስፍራ ተስፈንጥሮ ወጣ። ሐውልቱ የቆመው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር። የገበሬው ልጅ ድሉን የጀመረው ከዚያ መሆኑን የእርሻ ሰው ቢያነሣው አይፈረድበትም። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በወቅቱ የዓለም ፈጣኑ ሰዓት ሆነ። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በቶኪዮ አበበ ይህን ሰዓት በሦስት ደቂቃ አሻሻለው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ስድስት ሳምንት ገደማ ነበር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያኔ ግን ዓለም ውጤቱን ለአንድ ሰው ልዩ ተሰጥኦ እንጂ ለምድሩ አልሰጠውም።

ዓለም ስለ ከፍታ እንዲያስብ ያስገደደው የሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ ነው። ከተማዋ 2 ሺህ 240 ሜትር ላይ ትገኛለች። የቆላ አገር ሯጮች በረጅም ርቀት ትንፋሽ አጥሯቸው ሲወድቁ፣ የደጋ ልጆች ግን እንደ ቤታቸው ሮጡ። አበበ በጉዳት ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ አደራውን ተረከበና ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም ማራቶኑን አሸነፈ፤ ቀደም ብሎ በ10 ሺህ ሜትር ብር አግኝቶ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ቦብ ቢሞን በርዝመት ዝላይ 8 ሜትር ከ90 ሲዘል ስስ አየር አግዞታል ይባላል። ስስ አየር ትንፋሽን ቢነሣም የሚበር ነገርን አይገታም። በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባለው በዱላ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ ሲካሄድ፣ 1 ሺህ 600 ሜትር ላይ ባለችው ዴንቨር የተመታች ኳስ ከሌሎች ከተሞች ይልቅ ርቃ የምትወድቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ከፍታ ለሁሉም እኩል አያደላም፤ ለአንዱ ክንፍ ሲሆን ለሌላው ሸክም ይሆናል።

ከዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ይነሣል። ከታላላቆቹ የዓለም ክብረ ወሰኖች አዲስ አበባ ላይ የተሰበረ የለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች በመሮጥ የመጀመሪያው ሰው የሆነው መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም በርሊን ላይ ነው፤ ሰዓቱ 2፡03፡59 ነበር። ቀነኒሳ በቀለ የ5 ሺህ ሜትሩን 12፡37.35 በሄንገሎ፣ የ10 ሺህ ሜትሩን 26፡17.53 በብራስልስ አስመዘገበ፤ ሁለቱም እስከ 2012 ዓ.ም ማብቂያና 2013 ዓ.ም መግቢያ ድረስ የሚደርስባቸው አልተገኘም። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም የሴቶችን ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን በ2፡11፡53 ስትሰብር የሮጠችው በርሊን ውስጥ ነው። ሁሉም ለባሕር ጠለል የቀረቡ ከተሞች ናቸው። ችግኝ በመደብ ላይ ፈልቶ በሌላ ማሳ እንደሚተከል፣ ደሙ በእንጦጦ ይዘጋጃል፤ ፍሬው ከታች ይታጨዳል። ፈጣን ልምምድ እንኳ አናቱ ላይ አይሠራም፤ እግር በሚፈለገው ፍጥነት እንዲላመድ ሯጮቹ ወደ ስታዲየም ወይም ወደ አቃቂ ዝቅ ይላሉ። ዳገቱ ለዝግታ፣ ለረጅም ርቀትና ለጉልበት ነው።

ታዲያ ከፍታ ብቻውን ሯጭ ያበቅላል ቢባል ስሕተት ይሆናል። በዓለም ላይ ከእኛ የሚበልጥ ከፍታ ያላቸው፣ ግን ስመ ጥር ሯጭ ያላፈሩ አገሮች አሉ። በአርሲ፣ ስንዴና ገብስ በሚበቅልባት በቆጂ፣ መምህር ስንታየሁ እሸቱ ታዳጊዎችን በትዕግሥት ባያሠለጥኑ ኖሮ፣ እንደ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ያሉ ብሔራዊ አሠልጣኞችም ባይቀበሏቸው ኖሮ ከፍታው የድንች መሬት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ደራርቱ ቱሉ የበቆጂ ልጅ ናት። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ በኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ሁለተኛ ከወጣችው ደቡብ አፍሪካዊት ኤሌና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን መዞራቸው ዛሬም ይታወሳል። አበበ ቢቂላ የተወለደውም ነሐሴ 1 ቀን፣ በ1924 ዓ.ም ነው ይባላልና ድሏ ልክ በ60ኛ ዓመቱ የዋለ ነው። ጥሩነሽ ዲባባና እኅቶቿም የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው፤ ጥሩነሽ በቤጂንግ ሁለት፣ በለንደን አንድ የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝታለች።

ልጁን ወይም ልጇን ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ቤተሰብ ከእነዚህ ውጤቶች ሁሉ ይልቅ ዕድሜያቸውን ቢመለከት ይጠቅመዋል። ኃይሌ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮናነት ያገኘው በ20 ዓመቱ ነው፤ ደራርቱም ባርሴሎና ላይ ሃያ ዓመቷ ነበር። ነገር ግን አበበ ሮም ላይ 28፣ ማሞ ሜክሲኮ ላይ 36 ዓመት ነበሩ። ማሞ ወልዴ በጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም በሙኒክ ነሐስ ሲያገኝ ዕድሜው 40 ደርሶ ነበር። ምሩጽ ይፍጠር በሙኒክ የ5 ሺህ ሜትር ማጣሪያ አምልጦት፣ ቀጣዩ የሞንትሪያል ኦሎምፒክ አገሩ ባለመሳተፏ ቀርቶበት፣ ስምንት ዓመት ጠብቆ ነው በሞስኮ ሁለት ወርቅ የወሰደው። ትዕግሥት አሰፋ የ800 ሜትር ሯጭ ሆና በሪዮ ኦሎምፒክ ተሳትፋ ነበር፤ ማራቶን ሁለተኛ ሕይወቷ ነው። ታምራት ቶላ በፓሪስ ማራቶን በተጠባባቂነት ተይዞ ሳለ በጉዳት የወጣውን ሲሳይ ለማን ተክቶ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም በ2፡06፡26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ አሸነፈ፤ 33 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ቀነኒሳም ብዙዎች አበቃለት ባሉበት ወቅት፣ ኃይሌ በበርሊን በሮጠበት በዚያው መስከረም 18 ቀን፣ በ2012 ዓ.ም 2፡01፡41 ገባ። ከዓለም ክብረ ወሰን የራቀው በሁለት ሰከንድ ብቻ ነው።

ይህ የጊዜ ጉዳይ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ያሳስባል። በየካ በአንድ ጠባብ ክፍል አራትና አምስት ሆነው ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች በሁለት ዓመት ውስጥ ውጤት ካላመጡ ወደ ቀያቸው ለመመለስ ያፍራሉ። በሬ ሸጦ የላካቸው አባት አለ። በዚህ ጭንቀት መካከል "አቋራጭ" የሚያቀርብ ሰው ይመጣል። በስፖርት ከተከለከሉት አበረታች ቅመሞች አንዱ ኢፒኦ የሚባለው መርፌ ነው። መርፌው ኩላሊት በእንጦጦ አየር ውስጥ በተፈጥሮ የሚያመነጨውን ያንኑ ሆርሞን በፋብሪካ የተሠራ አድርጎ ወደ ደም የሚጨምር ነው። አደጋውም ከዚህ ይመነጫል። ተፈጥሮ ልኩን ታውቃለች፤ መርፌው አያውቅም። ቀይ ሕዋሳቱ ከልክ ሲያልፉ ደም ይወፍራል፤ የወፈረ ደም ደግሞ ሥር ውስጥ ሊረጋና ልብንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ከተደረሰበትም ለዓመታት መታገድ ይከተላል። በነጻ የሚገኝን ነገር በገንዘብ መግዛት፣ ያውም በሕይወት ዋጋ፣ ከኪሳራም በላይ ነው።

ዳገቱን ለጤናው መሮጥ የሚፈልግ የከተማ ነዋሪም መቸኮል የለበትም። ከቆላ የመጣ ሰው ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በእርምጃ ማሳለፍ አለበት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከተሰማው ወደ ታች መውረድ እንጂ "ይለቀኛል" ብሎ መግፋት አይገባም።

የሚቀረው የመሬቱ ነገር ነው። እንጦጦ ዛሬ የሚታወቅበት ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ተቆርቁራ የማገዶ እጥረት ሲጸናባት መድኅን ሆናት። ባሕር ዛፍ በቶሎ ያድጋል፤ ከሥሩ ግን ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም አያስጠጋም። በተዳፋት ላይ ደግሞ ሣር የሌለበት አፈር የክረምት ጎርፍ ምግብ ነው። የሯጩ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚጠበቀው ለስላሳ አፈር ላይ ሲሮጥ ነው፤ አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ ሲወጣ ጫካውም እንደ አስፋልት ይሆናል። ስለዚህ በባሕር ዛፍ መካከል ጽድ፣ ወይራና ኮሶ መትከል ለአካባቢ ጥበቃ ብቻ የሚነሣ ሐሳብ አይደለም፤ የልምምድ ሜዳን የማዳን ሥራም ነው። በ2013 ዓ.ም የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለብዙ ሰው መዝናኛ ሆኗል፤ ከተማዋም ወደ ላይ መውጣቷን ቀጥላለች።

የከተማዋ መውጣት የሚነካው ሯጮችን ብቻ አይደለም። በዚያው ኮረብታ አናት ባለው የጠፈር ምርምር ማዕከል አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ተመራማሪዎቹ ወደዚያ የወጡት ሯጮቹን በሳበው ምክንያት ነው፤ ከላያቸው ያለው አየር ስስ ስለሆነ የከዋክብቱ ብርሃን ብዙ ሳይደበዝዝ ይደርሳቸዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የሰብልን፣ የደንንና የውኃን ሁኔታ የሚያሳይ ምስል የምትልከው ወደ እንጦጦ ነበር። የከተማዋ መብራት እየበረታ ሲሄድ ለሰማይ ምልከታ የላስታ ላሊበላ አካባቢ ተራሮች በአማራጭነት ተጠንተዋል። ሯጮቹም ከእንጦጦ ባሻገር ወደ ሱሉልታና ወደ ሰንዳፋ በመኪና እየወጡ በማሳዎች ዳር መሮጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። በዚያ ያለው ገበሬ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ አይከለክላቸውም፤ ቡቃያ ባለበት ወቅት ግን በድንበሩ ላይ ብቻ እንዲሄዱ ይጠይቃቸዋል።