ሶሊዱ ተዘግቷል፤ ድንጋዩስ?

በማዕድን ፕላኒንግ ሶፍትዌር የሚሠራ ጂኦሎጂስት ሁሉ የሚናፍቀው መልእክት አለ። ከሴክሽን ሴክሽን ሲያያይዘው የቆየውን ሶሊድ ያስፈትሻል፤ ክፍት ጠርዝ የለም፣ እርስ በርሱ የተቆራረጠ ትሪያንግል የለም፣ ቮልዩሙም በኪዩቢክ ሜትር ተሰልቶ ብቅ ይላል። ሱርፓክም ሆነ ዳታማይን፣ ማይክሮማይንም ሆነ ቩልካን፣ ሁሉም በየመልካቸው ይህን ያደርጋሉ። ፍተሻው የግድ ነው፤ ባልተዘጋ ሶሊድ ላይ ቮልዩም አይታመንም፣ ብሎክ ሞዴሉም ውስጡን ከውጪው አይለይም። የሚመልሰው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነው፦ ቅርጹ ዝግ ነው ወይ? ማዕድኑ ከመሬት በታች በእርግጥ ይህን መልክ ይዟል ወይ የሚለው የጂኦሎጂስቱ ዕዳ ነው።

ዕዳው የሚጀምረው መስመር ከማስመር በፊት ነው። ሞዴሉ የሚቆመው በአራት ሠንጠረዦች ላይ ነው፤ የቁፋሮ ቀዳዳው አፍ መገኛ፣ የቀዳዳው አቅጣጫና ዘንበል፣ የድንጋዩ ዓይነት፣ የላቦራቶሪው ውጤት። እኛ አገር የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ የቆየ ወጥመድ አለ። የአገራችን 1:50,000 ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም የተሠሩ ሲሆኑ በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ቀዳዳው ከቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም ስህተት አይታይም።

ሁለተኛው ሠንጠረዥም እንዲሁ ነው። የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን በሚገኝበት በአዶላ ቀበቶ የአልትራማፊክ ድንጋዮች አሉ፤ ማግኔታይት ሲበዛባቸው በኮምፓስ የሚሠራውን የቀዳዳ መለኪያ ያስታሉ። በ60 ዲግሪ ዘንበል ብሎ 200 ሜትር የተቆፈረ ቀዳዳ አዚሙቱ በ5 ዲግሪ ቢሳሳት ጫፉ ወደ 9 ሜትር ገደማ ቦታውን ይለቃል። የምንፈልገው ቬይን ውፍረቱ 3 ሜትር ከሆነ ሙሉ በሙሉ የተሳሳተ ቦታ ላይ ልንስለው እንችላለን። እንዲህ ባለ ድንጋይ ውስጥ ማግኔት በማያስተው በጋይሮ መለካት ዋጋው ቢወደድም የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ከጠራ በኋላ ነው መስመሩ የሚመጣው። ሴክሽኖቹ በ40 ሜትር ርቀት ተቆርጠዋል እንበል። በአንዱ ላይ 3 ሜትር ውፍረት ያለው የኳርትዝ ቬይን በየቀዳዳው ይታያል፤ በሚቀጥለውም እንደዚሁ። ሁለቱን በትሪያንግል ማያያዝ የአፍታ ሥራ ነው። ቬይኑ በዘንበሉ 100 ሜትር ወደ ታች ከወረደ በሁለቱ ሴክሽኖች መካከል 12,000 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። ዴንሲቲው 2.7 ከሆነ 32,400 ቶን፣ በቶን 3 ግራም ከያዘ ደግሞ ከ97 ኪሎ በላይ ወርቅ።

አሁን ሌላ እንሳል። በሁለቱ ሴክሽኖች ላይ የታዩት አንድ ቬይን ሳይሆኑ ለየብቻቸው የቆሙ ሁለት ቬይኖች ቢሆኑስ? እያንዳንዳቸው ከሴክሽናቸው 10 ሜትር ሄደው ቢያልቁስ? መካከሉ 20 ሜትር ባዶ ድንጋይ ይሆናል፤ ወርቁም ወደ 49 ኪሎ ይወርዳል። ሁለቱም ሥዕሎች እያንዳንዱን ሳምፕል ያከብራሉ፤ ሁለቱም ፍተሻውን ያልፋሉ። የወርቅ ቬይን እንደ ዝንጅብል ነው፤ አንድ ቦታ ያብጣል፣ ትንሽ ሄዶ ይቀጥናል፣ ሳይታሰብ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቀዳዳው ያገኘው የቱን ክፍል እንደሆነ ላቦራቶሪው አይነግረንም።

የሚነግረን ካለ የኮር ሣጥኑ ነው። ኮሩን ውኃ አርከፍክፎ ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በቬይኑ ዙሪያ ድንጋዩ ምን ያህል ተለውጧል? ሴሪሳይቱና ባዮታይቱ እየሳሱ ነው ወይስ እየበዙ? የቀጫጭኖቹ ቬይኖችና የድንጋዩ ንብርብር አቅጣጫ ወዴት ነው? በሁለቱ ሴክሽኖች ላይ ያለው ኳርትዝ ቀለሙና ሰልፋይዱ ይመሳሰላል? እነዚህ ከተስማሙ ማያያዙ ምክንያት አገኘ፤ ካልተስማሙ መስመሩ ምኞት ብቻ ነው።

በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ዓመታት ከኒው ዚላንድ የመጣው ሊፕፍሮግ የተባለው ሶፍትዌር ይህን ጭንቀት ያስቀረ የሚመስላቸው ወጣት ባልደረቦች አሉኝ። እውነት ነው፣ በእጅ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን ሥራ በደቂቃዎች ያደርሰዋል፤ አዲስ ቀዳዳ ሲጨመርም ሞዴሉን ራሱ ያድሳል። ነገር ግን አቅጣጫ ካልሰጡት ማዕድኑን በየቀዳዳው ዙሪያ እንደ ኳስ ያድቦለቡለዋል። አቅጣጫውን፣ የወርቁን መቁረጫ መጠንና ምን ያህል ርቆ እንዲሄድ የሚነግረው ሰው ነው። በሴክሽን ላይ በግልጽ ይሰመር የነበረው ውሳኔ አሁን በቅንብር ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ እንጂ አልጠፋም።

አንድ ወጣት ጂኦሎጂስት ሞዴሉን ጨርሶ፣ «ኢንጂነር፣ ቫሊድ ነው ይላል፤ ለፕላኒንግ ልላከው?» ሲለኝ መልሴ የተለመደ ነው።

«ሁለተኛው የታለ?»

«የምን ሁለተኛ?»

«በዚሁ መረጃ ሌላ ሰው ቢሆን የሚስለው።»

ጥያቄውን ከራሴ አላመጣሁትም። የአውስትራሌዢያው የጆርክ ኮድ የ2012 እትም (እ.ኤ.አ.) ጂኦሎጂያዊ ትርጓሜው ምን ያህል እንደሚታመን፣ አማራጭ ትርጓሜ ቢኖር ደግሞ በሀብት ግምቱ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ በሪፖርቱ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ብዙ ሪፖርቶች ይህን ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ጉድጓዱ ተከፍቶ ዶዘሩ ባዶ ድንጋይ ላይ ሲቆም አማራጩን ማንሳት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ኃላፊዎች አንድ ቁጥር ይወዳሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ በጀት የሚያዘው በአንድ ቁጥር ነው። እኔ የማቀርበው ግን ሁለቱን ሶሊዶች ነው፤ በመካከላቸው ያለውንም ልዩነት በሌላ ቀለም ቀብቼ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ የማያያዙ ጉዳይ ውሳኔውን አይለውጥም፤ ፕላኑ ይቀጥላል። ሰፊ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ቀጣዩ ቀዳዳ የሚቆፈርበት ነው፤ መቆፈሪያ ማሽኑ የሚላከውም ወደዚያ ነው።